የቄሱ ተራ

እግሬ አንድ ቤት አይረጋም። እዚህ ሱዳን፣ በጋውን በከሰላ ታላቋ ልጄ ዘንድ እከርማለሁ፤ ሲሰለቸኝ ኒው ሀልፋ ወደ ታናሿ እሻገራለሁ። ክረምት ሲቃረብ ግን ምንጊዜም ገዳሪፍ ከተማ ነኝ። እዚያ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ፍልሰታን ሳላስቀድስ አሳልፌ አላውቅማ። እናቴ አዝላኝ ካስቀደሰችበት ጊዜ ጀምሮ ማለቴ ነው።

ዘንድሮ ወንዱ ልጄ ሰሊጥ እርሻ ከሚሠራበት መንደር ለሦስት ቀን ብዬ ሄጄ ዝናብ ያዘኝ። የዚያ አገር አፈር ጥቁር ነው፤ አንድ ሌሊት ከዘነበበት ሎሪ አያሳልፍም፣ አህያም እስከ ጉልበቷ ትሰምጣለች። ጾሙ ገባ፣ መንገዱ ዝግ።

"እማዬ፣ እግዜር እኮ ጭቃውን ያያል" ይለኛል ልጄ።

"እሱስ ያያል፤ ቅዳሴ የቀረብኝ እኔ ነኝ" እለዋለሁ። ማታ የምቀምሰው እንኳ አልወርድ አለኝ።

በጾሙ በሦስተኛው ቀን፣ ከተማ ቅዳሴ የሚገባበት ሰዓት ሲደርስ፣ ከጎጆው ጀርባ ጠረግ ጠረግ አድርጌ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ ወደ ምሥራቅ ቆምሁ። ፊደል አልቆጠርሁም። ቅዳሴውን የማውቀው በጆሮዬ ነው፤ እሱም የሕዝቡን ብቻ። የቄሱን ዜማውን እንጂ ቃሉን አልያዝሁትም፤ ያልያዙትን ከራስ ፈጥሮ ማለት ደግሞ ድፍረት ነው። ስለዚህ "ምስለ መንፈስከ" እልና ቄሱ የሚቆይበትን ያህል ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። "እግዚኦ ተሠሃለነ" እላለሁ፣ ደግሞ ዝም።

መጀመሪያ ዝምታው ከበደኝ። ሐሳቤ ከሰላ ይሄዳል፣ ኒው ሀልፋ ይዞራል፣ እንደ እግሬ። ቀን ሲጨምር ግን ሐሳቤም ደክሞት ይሁን እንጃ ተቀመጠ። ነፋሱ በሰሊጡ ላይ ሲያልፍ እሰማለሁ፣ ትንፋሼን እሰማለሁ፣ በቃ። ከተማ ሳስቀድስ እንኳ እንዲህ ሆኜ አላውቅም፤ እዚያ የማን ነጠላ አዲስ እንደሆነ አያለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጎረቤታችን ሱዳናዊት ናት፣ የእኔው እኩያ። በአጥሩ ቀዳዳ ስታየኝ ሰንብታ አንድ ቀን በዐረብኛዋ ጠየቀችኝ፤ ለገበያ የሚበቃ ያህል እሰማለሁ። በእነሱ አገር አሮጊት ሁሉ ሐጃ ነው የምትባለው።

"ሐጃ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው? አንድ ቃል ትያለሽ፣ ዝም ትያለሽ። ስልክ የያዝሽ ትመስያለሽ።"

"የራሴን ተራ እላለሁ። የቀረው የቄሱ ተራ ነው፤ እሱን አላውቀውም።"

"ቄሱ የት አለ?"

"ከተማ።"

"ጆሮሽ ጥሩ ነው" አለችና ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ግን ያ ሰዓት ሲደርስ ፍየሎቿን ወደ ማዶ ትነዳልኝ ጀመር።

ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው መሬቱ ጠጠር አለ፤ ልጄም ትራክተር ለምኖ መጣ። እኔ ቆሜያለሁ።

"እማዬ፣ ቶሎ ነይ፤ ለመፍቻው ከተማ ትደርሻለሽ" እያለ ጎጆውን ዞረ። አልመለስሁለትም፤ ዝም ከምልበት ላይ ነበርሁ። ደግሞ ሊጠራኝ አፉን ሲከፍት ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ እጇን አወዛወዘችበት።

"ኡስኩት" አለችው፤ "ዝም በል። ቄሱ እየተናገረ ነው።"

ልጄ እሷንም እኔንም አየና ሄዶ የትራክተሩን ሞተር አጠፋ። እኔም ቄሱ እስኪበቃው ጠብቄ "አሜን" አልሁና ጫማዬን ፈለግሁ።