አንድ ብርጭቆ ያልተሰበረበት ላብራቶሪ

ኬሚስትሪን የተማርኩት በጠመኔ ነው። ታቦር ሰፈር በሚገኘው ትምህርት ቤታችን አሲዱም ነጭ፣ ቤዙም ነጭ፣ የሁለቱ ውጤትም ነጭ ነበር፤ መምህራችን ከነጭ ጠመኔ ሌላ አልነበረውማ። ቢሬት የሚባለውን፣ ከታቹ መክፈቻ ያለውን ረጅም የመስታወት ቱቦ ሰሌዳው ላይ ይሥልና፣ ቀስ አድርጋችሁ ስትከፍቱት ጠብ ጠብ ይላል፣ ከዚያ ሮዝ ይሆናል ይለናል። እኛም ሮዝ ይሆናል ብለን እንጽፋለን። ፈተና ላይ ሮዝ ያለ አገኘ፣ ቀይ ያለ ተሳሳተ። አባቴ በየሄደበት የሚኮራበት ትምህርቴ ይህ ነበር።

እኔ ግን ኬሚስትሪን ከልቤ እወደው ነበር። አባቴ የቀለም ሱቅ አለው፤ ሰማያዊውንና ቢጫውን ሲቀላቅል አጠገቡ ቆሜ ማየት የሚበቃኝ ነገር አልነበረም። ህንድ ሄጄ ለመማር የተመኘሁትም፣ እዚያ ተማሪ ላብራቶሪ ገብቶ በገዛ እጁ ይሠራል ሲባል ስለሰማሁ ነው። በእጄ መሥራት ነበር የምፈልገው፤ ሌላው ሁሉ ህንድን የፈለገው ለወሬ ማድመቂያ ነው።

ባህል አዳራሽ አካባቢ ፎቅ ላይ ቢሮ የከፈተ አንድ ኤጀንት ነበር፤ በዚያ ሙቀት እንኳ ኮቱን የማያወልቅ። አባቴ መስፈርቱ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቀው፣ ሰውዬው ስለ እኔ ውጤት ትንፍሽ ሳይል ስለ አባቴ ሱቅ ጠየቀ። ሱቁ አስፋልት ዳር መሆኑን ሲሰማ ፊቱ በራ፤ ልጅትዋ መስፈርቱን አሟልታለች አለ። እንዲህ ያለ ፈጣን ፈታኝ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ኮሌጁ ገና መልስ ሳይሰጥ ቤታችን ሽኝት ተደገሰ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እጅ ጭነው ጸለዩልኝ። ህንድን ከፊልም ውጪ አይተው የማያውቁ ሰዎች ስለ ህንድ ምግብ፣ ስለ ህንድ ባቡር፣ ስለ ህንድ ወንዶች መከሩኝ። አንዷ የፀጉር ቅባት አዘዘችኝ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ የወገባቸውን ራጅ በትልቅ ፖስታ ይዘው መጥተው፣ እዚያ ላሉ ሐኪሞች እንዳሳይላቸው አደራ አሉኝ። ኬሚስትሪ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም።

የኮሌጁ መልስ የመጣው ከሽኝቱ በኋላ ነው። ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ሒሳብ ማለፌን አይተዋል፤ ነገር ግን ኬሚስትሪን በላብራቶሪ ተግባር ጭምር መማሬን ትምህርት ቤቴ ማረጋገጥ አለበት፤ ያለዚያ አንቀበልም ይላሉ። ኤጀንቱ ስልኩን ማንሳት ተወ።

ወደ ትምህርት ቤቴ ሄድኩ። ዳይሬክተሩ በክብር ተቀብለውኝ ወደ ላብራቶሪው መስኮት ወሰዱኝ፤ ወደ በሩ አይደለም፣ ወደ መስኮቱ። ውስጡ በካርቶን እንደታሸገ የተደረደረ ዕቃ፣ በላዩም ብናኝ አየሁ። ንብረት ክፍሉ በፊርማ የተረከበው ስለሆነ ተማሪ እንዲነካው አይፈቀድም፤ ቢሰበር ማን ይጠየቃል?

«እኔ እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ብርጭቆ አልተሰበረም» አሉኝ። ሜዳሊያ የሚያሳዩኝ ነበር የሚመስሉት።

እንዲከፍቱልኝና አንድ ሙከራ ብቻ እንድሠራ ለመንኳቸው። እሱስ አይሆንም አሉ፤ ተግባር ተምራለች ብለው ለመጻፍ ግን ፈቃደኛ ነበሩ፤ ደብዳቤ አይሰበርማ። እምቢ አልኩ። ጻድቅ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ህንድ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ቢሬት ያስይዙኛል፤ እኔ ደግሞ መክፈቻው ወደ የት እንደሚዞር አላውቅም።

አባቴ ተቆጣ። ደብዳቤውን ተቀበዪ፣ እጅ ተጭኖበት የተሸኘ ሰው እንዴት ቤቱ ይቀራል አለኝ። ስላልተቀበልኩ አልሄድኩም። እሱም ከሽማግሌዎቹ ዓይን እንድርቅ ብሎ ቱላ አክስቴ ቤት ላከኝ። ህንዴ ቱላ ሆነች፤ በባጃጅ የሚደረስባት። ለአክስቴ ዶሮዎች ውሃ እየቀዳሁ፣ የሽማግሌውን ራጅ አልጋዬ ሥር አስቀምጬ ከረምኩ።

ከዚያ እዚሁ አገር ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ለአንድ መንጋ ተማሪ አንድ ቢሬት ቢሆንም ተራዬ ደርሶ ያዝኩት። ጠብ፣ ጠብ፤ ከዚያ ሮዝ ሆነ። መምህራችን ያልነገረን፣ ያ ሮዝ እንዴት ፈዛዛ እንደሆነና በአንዲት ጠብታ ብቻ እንደሚመጣ ነው። አለቀስኩ፤ ጓደኞቼ አሲድ ዓይኔ ውስጥ የገባ መስሏቸው ደነገጡ።

ተመርቄ ስመለስ ከተማው ሁሉ ከህንድ መቼ መጣሽ ይለኛል። አባቴ አያርማቸውም። ለሽማግሌው እንዳልሄድኩ ነግሬ ራጃቸውን መለስኩላቸው።

«እንግዲያው ሐኪሞቹ ምንም አላገኙበትም ማለት ነው» ብለው ደስ ብሏቸው ሄዱ። ሰው የጸለየበትን ጉዞ ከራሱ ከተጓዡ ይልቅ ያምናል።

ሥራ የያዝኩት በዚያው ትምህርት ቤት ነው። እውነቱን ለመናገር ያንን በር ለማስከፈት ነበር የገባሁት። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ መካከል ህንድ ሄደው መማር የሚፈልጉ አሉ፤ የእኔ ዕጣ እንዲደርሳቸው አልፈለግሁም። ዳይሬክተሩ እኚያው ናቸው። በወላጆች ስብሰባ ላይ አስነሥተው አስተዋወቁኝ፤ አዲሷ የኬሚስትሪ መምህርታችን ህንድ ተምራ የመጣች ናት አሉ። ወዴትም አለመሄዴን ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

«እኔ ህንድን የማውቀው በፊልም ነው» አልኩ። «ልጆቻችሁ መስፈርት እንዲያሟሉ ከፈለጋችሁ የላብራቶሪው ቁልፍ እንዲሰጠኝ አድርጉ።»

ወላጆቹ ሳቁ፤ ትሕትና መስሏቸው አጨበጨቡልኝ። አስቀድመው ያጨበጨቡት ዳይሬክተሩ ነበሩ። ከስብሰባው በኋላ ስለ ቁልፉ ስጠይቃቸው፣ ንብረት ቆጠራው ሲያልቅ እናየዋለን አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት ክፍል ገባሁ። ተማሪዎቼ ደብተራቸውን ከፍተው ይጠብቁኛል። ጠመኔ አነሣሁና ሰሌዳው ላይ ረጅም ቢሬት ሣልኩ።

«ከዚያ ሮዝ ይሆናል» አልኳቸው።

አንገታቸውን ደፍተው ጻፉት።