ዓይኗን እስክትከድን

ደብረ ብርሃን ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ልጄ ስልኩን እያየ፣ በምሽቱ ሰማይ የምትሄድ ብርሃን አሳየኝ።

«የወታደር ሳተላይት ናት፣ እማዬ። ከሰሜን ወደ ደቡብ ትዞራለች። ምድርም ከሥሯ ስለምትሽከረከር፣ በሚቀጥለው ዙር በሌላ አገር ላይ ታልፋለች።»

ብርሃኗ ሰማይ መሀል ስትደርስ ጠፋች። አባቴ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሆኜ አንኮበር ሳለን፣ ታላቅ ወንድሜ የወታደር አፈሳ ሸሽቶ የገብስ ክምር ውስጥ ተደብቆ ነበር። አባቴ፣ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ጎረቤት «ሰው ከሰማይ የምታይ ሳተላይት አለች» ስላለው፣ ሲመሽ ሰማዩን ይጠብቃል። እኔ የወንድሜን ራት ይዤ ከጋቢው ሥር እቆማለሁ። የእርጥብ ገለባ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

«አባባ፣ እሷ እስክትሄድ አይጦቹ በሉኝ እኮ» ይላል ወንድሜ ከክምሩ ውስጥ።

«ዝም በል። ዓይኗን ሳትከድን አትወጣም።»

ብርሃኗ ስትጠፋ አባቴ ያማትብና «አሁን ውጣ» ይለዋል።

ይህን ለልጄ ነገርኩት።

«ዓይኗን አልከደነችም እኮ፣ እማዬ። የምድር ጥላ ውስጥ ስትገባ ፀሐይ አያገኛትም፤ ለኛ አትታየንም እንጂ እሷ እዚያው ናት። በጨለማ የሚያዩም አሉ።»

እንግዲህ አባቴ ወንድሜን ያወጣው እሷ እያየች ነበር። ማንም ግን አላገኘውም። ተመስገን።

ልጄ ዘንድሮ የያኔውን የወንድሜን ዕድሜ ይዟል።

«ግባ» አልኩት።

«ሌላ እስክትመጣ ልጠብቅ።»

ክንዱን ይዤ አስገባሁት።