ሬዲዮው ላይ ደህና የነበረው ሞተር

ሰው «ሥራ ደህና ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ሞተር ደህና የሚባል ነገር የለውም። ሙቀት አለው፣ የዘይት ግፊት አለው፣ የሠራበትና የቆመበት ሰዓት አለው። የእኔ እንጀራ እነዚህን መጻፍ ነበር። ከአሬሮ ወዲያ የውሃ ጉድጓድ በምንቆፍርበት በዚያ የድርቅ ዓመት፣ መቆፈሪያውን በአየር ግፊት ከሚያሠራው ከኮምፕረሰሩ ሞተር አጠገብ በርሜል ላይ ተቀምጬ፣ አቧራውን በሻርፔ ጫፍ እየጠረግሁ ጌጆቹን አነብ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ነጌሌ ያለው የመሣሪያ ክትትል ክፍል በሬዲዮ ይጠራናል። መልስ የሚሰጡት የቁፋሮው ኃላፊ፣ ጋሼ የምላቸው የቦረና ሰው ነበሩ። ቦረና ምንም ቢደርስበት፣ ሲጠየቅ መጀመሪያ «ናጋ» ነው የሚለው፤ ሰላም ነው ማለት ነው። ቤቱ ተቃጥሎ እንኳ ቢሆን ሰላሙ ይቀድማል፣ ከብቱና ዝናቡ ይጠየቃል፣ ክፉው ወሬ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጨዋ ሰው በክፉ አይጀምርም።

ነጌሌ ሬዲዮው ላይ የሚቀመጠው ሰውዬ ይህ ጠፍቶት አይደለም። እዚያው ተወልዶ፣ የቦረና ወተት ጠጥቶ ያደገ ነው። «አካም፣ ሞተሩ ናጋ?» ይላል። ጋሼ «ናጋ» ይላሉ። «በቃ፣ እየሠራ ነው ብዬ መዝግቤያለሁ» ብሎ ይዘጋል። ጋሼ አፋቸውን እንደከፈቱ ይቀራሉ። ሰውዬው የታመመ ማሽን ከመዘገበ መለዋወጫ መፈለግ፣ አለቆቹ ፊት ቆሞ መጠየቅ ሊመጣበት ነው። ደህና የሆነ ማሽን ግን ማንንም አያለፋም።

ሞተሩ ታሞ ነበር። ሙቀቱ ከቀን ወደ ቀን ይጨምራል፣ የዘይቱ ግፊት ይወርዳል። የጻፍኩትን በውሃ ቦቴው ሾፌር ወደ ነጌሌ ብልክ ጆሮ ዳባ ልበስ ተባለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ እኛ መቼ ደበቅን?

«ጋሼ፣ እባክዎ፣ ነገ ከበሽታው ይጀምሩ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሰላም ሳልል ሕመም የማወራው ጠላት ነኝ?» አሉ።

በእሳቸውም ተናደድኩ። በማግስቱ መነጋገሪያውን ከእጃቸው ቀምቼ «ይህ ሞተር ሊቆም ነው» አልኩ። ሰውዬው ሳቀ። «አንቺ ጌጅሽን አንብቢ። ኃላፊውን ስጪኝ» አለ። ሰጠኋቸው። «ናጋ?» አላቸው። «ናጋ» ከማለታቸው ዘጋው።

ከጉድጓዱ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ከላሞቻቸው ጋር ሰፍረው ነበር። ላሞቹ መራመድ ሳያቅታቸው ወደ ዳዋ ወንዝ መንዳት፣ አለዚያም የእኛን ውሃ መጠበቅ ነበረባቸው። «አባባ፣ ይሂዱ፤ ይህ ሞተር አይታመንም» አልኳቸው። ጋሼም በኦሮምኛ ያንኑ ደገሙላቸው። ሽማግሌው ግን ወረዳ ድረስ ሄደው ጠይቀዋል። ወረዳው ነጌሌን ጠይቆ፣ ማሽኑ ያለ እንከን እየሠራ ነው ብሏቸዋል። «እናንተ የምታዩት አንድ ማሽን ነው። ነጌሌ ሁሉንም ያያል» አሉኝና ውሃውን ሊጠብቁ እዚያው ቀሩ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሞተሩ ጮኸና ቀጥ አለ። ቢያዞሩት አይዞርም፤ መቆፈሪያው ጉድጓዱ ውስጥ እንዳለ ቀረ። መለዋወጫው እስኪመጣ ላሞቹ በጥማት ደክመው ተኙ። በየጠዋቱ እኔ፣ ጋሼና ሠራተኛው ሁሉ ጭራና ትከሻቸውን ይዘን እናቆማቸው ነበር፤ ማታ ደግሞ ይወድቃሉ። በመጨረሻ የምናቆመው አጣን። ሽማግሌው አላለቀሱም። እኔ አለቀስኩ፣ ግን ከሐዘን ይልቅ በንዴት ነበር።

የነጌሌው ሰውዬ «ሞተሩ በድንገት ተበላሸ» ብሎ ጻፈ። በድንገት አለ፣ አያፍርም። አንድም ሰው አልጠየቀውም፤ እንዲያውም ቆይቶ ተሾመ።

ሽማግሌው ከብት የሌለው ቦረና ሆነው ነጌሌ ገቡ። ዛሬ የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ናቸው። ያ ሞተር ግቢው ውስጥ ዝጎ ተቀምጧል፤ እሱንም ይጠብቃሉ። ጠዋት ሰውዬው በፒክአፕ ሲመጣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «አባባ፣ ናጋ?» ይላቸዋል። «ናጋ» ይሉታል፣ ደንብ ነውና። መኪናው ያልፋል። እሳቸው ግን በሩን እየዘጉ ከሰላምታው በኋላ የሚመጣውን ወሬ ይቀጥላሉ፤ ላሞቹ አልቀዋል፣ ልጆቻቸው ለቀን ሥራ ሞያሌ ወርደዋል፣ ባለቤታቸው ታመዋል። የሚነግሩት ለበሩ ነው።