ኮኒ የተሸለመችበት ዓመት

ማርሊስ ደንፊን ሃያ አንድ ዓመት አውቃታለሁ። ኦሃዮ ውስጥ፣ ከዴይተን ወጣ ብላ ባለች ከተማ፣ አንድ የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ውስጥ ግድግዳ ተጋርተን ነው የምንሠራው፤ ስታስነጥስ «ይማርሽ» የምላት ከወንበሬ ሳልነሳ ነው። ትምህርት አልገባ ያላቸውንና ከአሳዳጊ ቤት ወደ አሳዳጊ ቤት የሚንከራተቱትን ልጆች የምትመረምረው እሷ ናት። ልጁ ካልተረጋጋ ፈተናውን ታጥፈውና ካርታ ታጫውተዋለች። በማግስቱም እንደዚያው። አለቆቻችን ቀርፋፋ ናት ይሏታል። እናቶች ግን ተራ ይዘው የሚጠብቁት እሷን ነው።

ይህን ካልኩ ዘንዳ ሌላውንም ልናገር። ማርሊስ ቀናተኛ ናት። የምትቀናው በሁሉ ሰው አይደለም፤ በአንዲት ሴት ብቻ ነው።

ሴትዮዋ ኮንስታንስ ዮደር ናት፤ ሁላችንም ኮኒ ነው የምንላት። ሁለቱ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ክፍል ነው የተማሩት፤ እዚህ ክሊኒክም አንድ ቀን ነው የተቀጠሩት። ከስድስት ዓመት በኋላ ኮኒ ለቀቀችና ቴስዌል የሚባል የሳይኮሎጂ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ገባች፤ ቆይታ ዲን ሆነች። ቴስዌል ባለአክሲዮኖች ያሉት፣ ለትርፍ የቆመ ትምህርት ቤት ነው። የመጣውን ሁሉ ይቀበላል። ችግሩ መጨረሻ ላይ ነው፦ የሙያ ፈቃድ ለማግኘት አንድ ዓመት ክሊኒክ ውስጥ የሥራ ልምምድ ማድረግ ግዴታ ነው፤ ከተማሪዎቹ ያንን ቦታ የሚያገኙት ግማሽ አይሞሉም። ይህን በሙያው ያለን ሁላችንም እናውቃለን፤ ምሳ ላይ እናማቸዋለን፤ ከዚያ ወደ ሥራችን እንመለሳለን።

ማርሊስን የሚያንገበግባት ግን የተማሪዎቹ ጉዳይ አልነበረም።

«አየሻት? ደግሞ ሌላ ኮት ገዛች» ትለኛለች።

«ጥር እኮ ነው ማርሊስ። በዚህ በረዶ ምን ትልበስ?»

«አንቺ ደግሞ ጠበቃዋ ነሽ።»

የአካባቢያችን የሳይኮሎጂ ባለሙያዎች ማኅበር አባሎቹ እየሳሱ ሲመጡ ቴስዌል ዓመታዊ ጉባኤውን ስፖንሰር ላድርግ አለ። ማርሊስ ያኔ የቦርድ አባል ነበረች። አንድ ሽማግሌ ባልደረባችን «የእነዚህን ሰዎች ስም በእኛ ስም እያጸዳንላቸው ነው» ብሎ ሲከራከር፣ «ታዲያ ምሳ ማን ያብላን?» ብላ ለድጋፍ እጇን ያወጣች እሷ ናት። ይህን ኋላ ላይ ስትረሳው እኔ አልረሳሁትም።

በሁለተኛው ዓመት ጉባኤው ኮሎምበስ፣ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ሆነ። ቦርሳው ቴስዌል፣ የውሃ ኮዳው ቴስዌል፣ የስም ካርዳችን የተንጠለጠለበት ጥብጣብ ሳይቀር ቴስዌል ይላል። ከምሳ በኋላ የረጅም ዘመን አገልግሎት ሽልማት ይሰጣል። ማርሊስ ለዚህ ሽልማት ሦስት ጊዜ ታጭታ ሦስቴም አልፏታል። የዚያን ዓመት ግን የሚያልፋት አልመሰለንም፤ እሷም ፀጉሯን ተሠርታ ነበር።

ኮንስታንስ ዮደር ተባለ።

ማርሊስ አጨበጨበች፤ ከሁላችን በላይ ረጅም ጊዜ አጨበጨበች። ከዚያ ተነስታ ወጣች። ስከተላት ኮሪደሩ ላይ ቆማ ከአንገቷ ጥብጣብ ላይ የቴስዌልን ስም በጥፍሯ ስትፍቅ አገኘኋት።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«አንገቴን አሳከከኝ።»

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ፈነዳች። «ገዝታው ነው! ሃያ ምናምን ዓመት እዚህ ስንገላታ እሷ መድረክ ላይ ትስቃለች!»

«የመረጣት ኮሚቴው ነው።»

«ኮሚቴው የማንን ምሳ ነው የበላው?»

«አንቺስ? ዶሮውን ሁለቴ አስጨምረሽ የለ እንዴ?»

ራዲዮኑን ከፍ አደረገችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማርሊስ የተማሪዎች ተቆርቋሪ ሆነች። ቴስዌል በየዓመቱ ስንት እንደሚያስገባ፣ ስንቱ ልምምድ እንዳገኘ፣ ስንቱ መሀል መንገድ እንደቀረ ለቃቅማ ሰበሰበች። የሰበሰበችው ሁሉ እውነት ነበር። እያነበበች ፊቷ መፍካቱ ግን ደስ አይልም ነበር፤ ቁጥሩ በከፋ መጠን ደስ ይላት ነበር።

ትሪና ማብሪን ያገኘቻትም ያኔ ነው። ትሪና የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ በሠላሳ ዓመቷ ቴስዌል የገባች ሴት ናት። ትምህርቱን ጨርሳ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አመልክታ፣ የልምምድ ቦታ አጥታ ወደ አውቶቡሷ ተመልሳለች። ማርሊስ የቴስዌል ስፖንሰርነት ይቅር የሚል ሐሳብ በምታቀርብበት የኅዳር የአባላት ስብሰባ ላይ እንድትናገር ለመነቻት። ትሪና እሺ አለች።

በስብሰባው ቀን ትሪና ወረቀት ሳትይዝ ተናገረች። «የእናንተን ማኅበር ስም የትምህርት ቤቱ መጽሔት ላይ አይቼ ነው የገባሁት» አለች። «እነሱ ካመኑት እኔ ማን ነኝና ልጠራጠር አልኩ።» አዳራሹ ውስጥ ቀና ብሎ ያያት ሰው አልነበረም።

ከዚያ ኮኒ ተነሳች። ትጮኻለች ብዬ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ዝቅ ያለ ነበር።

«ትሪና ያለችው ሁሉ ልክ ነው። እኔም ማታ ማታ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው። ግን ማርሊስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የእኔ ተማሪዎች አራት ማመልከቻ ወደ ክሊኒክሽ ልከዋል። መራጯ አንቺ ነሽ። አንዱን እንኳ ከፍተሽ አንብበሻል?»

ማርሊስ የቁጥር ወረቀቶቿን ማስተካከል ጀመረች።

«ከአራቱ አንዷ ትሪና ናት» አለች ኮኒ።

ትሪና ዞረች። «ዶክተር ደንፊ፣ የእኔን አንብበውት ነበር?»

ከማርሊስ አጠገብ ነበርኩ። ከጆሮዋ እስከ አንገቷ ቀላች። ሰበብ ብትፈልግ አታጣም ነበር፤ ሥራ በዝቶብኝ ነበር ብትል ሁላችንም እናምናታለን።

«አላነበብኩትም» አለች። «የትምህርት ቤቱን ስም ሳይ አስቀመጥኩት።»

ድምፅ ተሰጠ። አርባ አንድ ለሠላሳ ስድስት፤ የቴስዌል ስፖንሰርነት ቀረ። ማርሊስ አሸነፈች። እንኳን ደስ አለሽ ያላት ግን ማንም አልነበረም። ትሪናም ኮቷን ደርባ ሳትሰናበታት ሄደች።

ቀጣዩ ጉባኤ አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ሆነ፤ ሳንድዊቻችንን ከየቤታችን ይዘን ሄድን። የቀዘቀዘ እንቁላል የነከሰ ሁሉ ማርሊስን በጎን ያያታል። እሷ ግን ከዚያ በፊት አንድ ነገር አድርጋ ነበር። አለቃችንን ለሁለት ወር ጨቅጭቃ አንድ ተጨማሪ የልምምድ ቦታ አስፈቀደችና ለትሪና ደወለች።

ስልኩን ዘግታ ወደ ቢሮዬ መጣች። «አልፈልግም አለችኝ። ኢንዲያና አግኝታለች። ማን ያገኘላት ይመስልሻል?»

«ኮኒ?»

«ኮኒ! ራሷ ነድታ ለቃለ መጠይቅ ወስዳታለች። ሦስት ሰዓት መንገድ!» ወንበሬ ላይ ዘፍ አለች። «ይቺንም ቀደመችኝ።»

ስቄ ነበር፤ ዓይኗን ሳየው ተውኩት።

ቴስዌል አሁንም አለ፤ የሌላ ማኅበር ጉባኤ ስፖንሰር ሆኗል ሲሉ ሰምቻለሁ። ኮኒም አሁንም ዲን ናት። ማርሊስ የሚመጣላትን ማመልከቻ አሁን እስከ መጨረሻው ገጽ ታነባለች፤ የማን ትምህርት ቤት እንደሆነ አታይም ማለት ግን አይደለም። ባለፈው መጋቢት አንድ ፋይል ይዛ በሬን በክርኗ ከፍታ ገባች። አመልካቹ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ቀድሞ የእሳት አደጋ ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው።

«ይሄንን ሰውዬ እንወስደዋለን» አለች።

«ከየት ነው?»

«ከየት እንደሆነማ ታውቂዋለሽ።»

«የድጋፍ ደብዳቤውን ማን ጻፈለት?»

«እሷ ናት እንጂ ሌላ ማን!» ፋይሉን ጠረጴዛዬ ላይ ጣለችው። «ደግሞ አጻጻፏ! እስቲ ሁለተኛውን አንቀጽ አንብቢው። እኔ ብጽፈው አንድ ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር» አለች፤ ሳነብላትም ክንዷን አጣጥፋ፣ ከንፈሯን ነክሳ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።