የድንጋዮቹ ጠበቃ

ሠዓሊቷ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግትር ናት እንጂ። አንዴ «እምቢ» ካለች ወይ ፍንክች! ከጎማ ጥገና ቤት በላይ በተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ ከባልደረቦቿ ጋር የኮምፒውተር ጌም ይሠራሉ፤ ተጫዋቹ መርከቦቹን በጠፈር እያሰማራ አገር የሚያቀናበት፣ ከተቀናቃኙ ጋር የሚዋጋበት ጌም ነው። የእሷ ድርሻ ፕላኔቶቹን መሳል ነው። ከነሱ አብዛኞቹ ደግሞ ሰው የማይኖርባቸው ናቸው፤ አንዱ በረዶ፣ አንዱ እሳት፣ አንዱ መርዛማ ጋዝ ብቻ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኗ እስኪቀላ የሳለቻቸው እነሱን ነው።

ችግሩ፣ ጌሙን የሚሞክሩት ተጫዋቾች ዞር ብለው አያዩአቸውም። በረዶ ላይ ማን ከተማ ይቆረቁራል? የሥራው ኃላፊ፣ ተጫዋች ያልነካውን ሁሉ ቆርጦ ስለሚጥል «መቀስ» የሚሉት ሰውዬ፣ አንድ ቀን ነጩ ሰሌዳ ላይ በቀይ ቀለም «ድንጋዮቹ ይውጡ» ብሎ ጻፈ።

«ድንጋይ አይደሉም» አለችው።

«ምን ይሠራሉ ታዲያ?»

«ያምራሉ።»

«ማማር ሥራ አይደለም እመቤቴ። እስከ ወሩ መጨረሻ ሥራ ፈልጊላቸው፤ አለበለዚያ እቆርጣቸዋለሁ።»

ድንጋዮቹ ከወጡ በጌሙ ውስጥ የእሷ የሚባል ነገር አይቀርም። ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠችና መጀመሪያ ለማንም የሚመጣውን ሐሳብ ሞከረች፤ ማዕድን ሞላችባቸው። ተጫዋቾቹ መቆፈሪያ ማሽን ጣሉባቸው፣ ወርቁን አፈሱ፣ ከዚያ ረሷቸው። አውሎ ነፋስ ጨመረችባቸው፤ ጭራሽ ሸሿቸው። መቀስ ከት ብሎ ሳቀ።

እሑድ ምሳ የበላችው ታላቅ ወንድሟ ቤት ነበር። ወንድሟ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ስለ መንገድ ከጠየቁት ማቆሚያ የለውም።

«ጋሼ፣ ማንም የማይኖርበት፣ ለምንም የማይሆን ቦታ ታውቃለህ?»

«ሞልቶ! ከትልቁ ቁልቁለት አጋማሽ ላይ ያለችው ሜዳ አለች አይደል? ውሃ የላት፣ ጥላ የላት፤ ሰይጣን እንኳ አይከራያትም።»

«ታዲያ ዝም ብለህ ታልፋታለህ?»

«ሳልቆም? ፍሬኑ እሳት ሆኖ? ሁላችንም ፍሬን የምናበርደው እዚያች ነው። ሳይቆም ያለፈ ካለ ገደል ውስጥ ፈልጊው።»

ሠዓሊቷ ምሳዋን ሳትጨርስ ብድግ አለች። የወንድሟ ሚስት «ምግቤ ምን አደረገሽ?» ብላ እስከ ዛሬ ቅር እንዳላት ነው።

በዚያው ሳምንት ፕሮግራም ከምትጽፈው ጓደኛዋ ጋር አዲስ ሕግ አስገቡ። ሩቅ የተጓዘ መርከብ ሞተሩ ይግላል፤ የሚበርደውም በበረዶ ፕላኔት ጥላ ሥር ሲያርፍ ብቻ ነው። ከጋዙ ፕላኔት ጀርባ የተደበቀ ደግሞ ለጠላት አይታይም። የእሳቱን ፕላኔት ገና መላ አላገኘችለትም፤ ግን እሱንም አልተወችውም።

ወሩ ሲያልቅ መቀስ ራሱ ከእሷ ጋር ሊጫወት ተቀመጠ። እንደ ልማዱ በረዶዎቹን ችላ ብሎ ሲከንፍ መርከቦቹ በየመንገዱ ነደዱ።

«ጌሙ ተበላሽቷል!»

«አልተበላሸም፤ አላበረድክም።»

እንደገና ጀመሩ። አሁን አንዲት የበረዶ ፕላኔት ያዘ። እሷ ልትቀማው ስትመጣ ጊዜ «አትነኪያትም!» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። ያለ የሌለ ጦሩን እዚያች አፈሰሰ። ያን ጊዜ ከጋዙ ፕላኔት ጀርባ ደብቃ ያቆየቻቸው መርከቦች ወጥተው ዋና ከተማውን ወሰዱበት።

«ከተማህን እኮ ያዝኩት» አለችው።

«ከተማዋ ትቅርብኝ! በረዶዬን ግን አልሰጥም!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መቀስ ምን እንዳለ የገባው ያን ጊዜ ነው። ስክሪኑን ትንሽ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንደገና ክፈችው» አለ።

ጌሙ እስኪከፈት እሷ ተነስታ ወደ ሰሌዳው ሄደች። ቀዩን ጽሑፍ በመዳፏ ጠርጋ አጠፋችው፤ እጇ እንደቀላም ተመልሳ ተቀመጠች።