በግርጌ ያለችው ሴት

ደብሪቱ በባሏ ቀናተኛ ናት፤ ይህን አገር ያውቀዋል። ባሏ የኔታ አትናቴዎስ ዓይናቸው ከጠፋ ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው። የማያይ ባል ምን ያስቀናል የሚል ካለ ደብሪቱን አያውቃትም። የኔታ የጎረቤት ሴት ድምፅ ሰምተው ፈገግ ካሉ፣ የዚያን ቀን ወጡ ጨው ይበዛበታል።

ትልቁ ኩራቷ ግን በዓመት አንዴ ነው። በታኅሣሥ ገብርኤል፣ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ የኔታ "ንገሪኝ" እያሉ ሲጎተጉቷት፣ እጃቸውን ይዛ ከግድግዳው ሥዕል ፊት ታቆማቸዋለች። ሦስቱ ሕፃናት በእሳቱ መሃል እንዴት እንደቆሙ፣ መልአኩ ክንፉን እንዴት እንደዘረጋላቸው፣ ነበልባሉ የልብሳቸውን ጫፍ እንኳ እንዳልነካ አንድ በአንድ ትነግራቸዋለች። "የየኔታ ዓይን እሷ ናት" ይላል ሰው። ይህን ስትሰማ ደስታዋን አትችለውም።

አንድ ነገር ብቻ ዘልላ ታልፍ ነበር። በሥዕሉ ግርጌ፣ እንደ ልማዱ፣ ሥዕሉን በገንዘቧ ያሠራችው ሴት እጇን ዘርግታ ተሥላለች። ሴትዮዋ ጠጄ ናት። ለየኔታ ታጭታ የነበረች፣ ዓይናቸው ሲጠፋ አባቷ "ለዕውር አልድርም" ብሎ ያስቀራት፣ አዲስ አበባ ገብታ የከበረችው ጠጄ። ሠዓሊውም አይጣል ነው፣ ልጃገረድ አስመስሎ አሳምሯታል! ደብሪቱ እዚያ ስትደርስ "በቃ፣ ከዚህ በታች መሬት ነው" ትላለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ መሬት ነው አለች።

ዘንድሮ እስከዳር የምትባል የሥዕል መምህርት ከዘመሮ ከተማ መጣች። ዓይነ ስውራን በጣታቸው የሚያዩት ሥዕል ትሠራለች አሉ። ሳምንት ሙሉ ከግድግዳው ፊት ተቀምጣ ያየችውን በሳንቃ ላይ ሠራችው፤ ነበልባሉን ከመንዝ በግ ፀጉር፣ ክንፉን ከዶሮ ላባ፣ ፊቱንና ሰዎቹን ሁሉ ከሰም።

"ሳይቸግር ጤፍ ብድር!" አለች ደብሪቱ። "እኔ ዓይን የለኝም ወይ?"

"እትዬ፣ እሳቸው ራሳቸው ቢያዩት አይሻልም?"

ራሳቸው! ከእንግዲህ ደብሪቱ ለምን ታስፈልጋለች? ደግሞ ይቺ ቆንጆ ጣታቸውን ይዛ ልትመራ ነው።

"ጣታቸውን የምይዝ እኔ ነኝ" አለች።

በበዓሉ ዕለት ያዘችም። የኔታ ላባውን ሲዳስሱ እንደ ልጅ ሳቁ።

"ክንፉ ይኸን ያህል ሰፊ ነው? አሳንሰሽብኝ ኖሯል፣ ደብሪቱ!"

ሳቁ ወጋት። እሷ ስትነግራቸው እንዲህ ስቀው አያውቁም።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ጣታቸው ቁልቁል ወረደ። "በቃ፣ ከዚህ በታች መሬት ነው" ብላ እጃቸውን ሳበች፤ የኔታ ግን አልተሳቡም። ሰሙን ዳሰሱት፤ ነጠላዋን፣ የተዘረጋ እጇን።

"ጠጄ ናት" አሉ ቀስ ብለው።

"ማን ነገረዎት?"

"ሥዕሉ ሲመረቅ ቄሱ ስሟን ጠርተው አልመረቋትም? የጠፋው ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ ነው እንዴ?"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አሉኝ?"

የኔታ እጃቸውን ከሳንቃው አንሥተው የእሷን እጅ ፈለጉ።

"እዚያ ስትደርሺ እጄን ጭምቅ ታደርጊኛለሽ። በየዓመቱ ንገሪኝ እያልሁ የምጎተጉትሽ ለክንፉ መሰለሽ?"

ደብሪቱ፣ ጠጄ ከሰሟ ውስጥ እያየቻት፣ እጃቸውን ጭምቅ አደረገችው።