ሳላነብ የዘለልኩት ገጽ

ደም የሰጠነው ክረምቱ ሳይገባ ነው። ከሸዋ ሮቢት ዝቅ ብሎ ባለው ቀበሌያችን፣ በሽንኩርት ማሳው ዳር ካለው ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። ከፈረንጆች ጋር የመጡ አጥኚዎች የሰውንም የወባ ተሕዋስንም ዘረመል አንብበው አዲስ የወባ ክትባት ለመሥራት እንደሚፈልጉ ነገሩን። ዘረመል ማለት ከእናት ከአባት የምንወርሰው፣ በደማችን ውስጥ ያለ ጽሕፈት ነው ብለው አስረዱን። የስምምነቱ ወረቀት ሦስት ገጽ ነበር። ደህና አድርጌ የማነበው እኔ ስለሆንኩ «አንብቢልን» አሉኝ።

ሁለቱን ገጽ አነበብኩ። ሦስተኛውን በዓይኔ ብቻ አየሁት። ደሙ ለዓመታት በማቀዝቀዣ እንደሚቀመጥ፣ ወደ ሌላ አገር ሊላክና ለሌላ ጥናትም ሊውል እንደሚችል፣ ሐሳቡን የቀየረ ሰው በማንኛውም ጊዜ ደሙ እንዲወገድለት መጠየቅ እንደሚችል ይላል። ይህን ከሰሙ አንድም ሰው ክንዱን እንደማይዘረጋ ገመትኩ። ክትባቱ እንዲመጣ ደግሞ እፈልግ ነበር፤ ሁለት ልጆቼን በወባ ቀብሬአለሁ። ወረቀቱን አጥፌ «አለቀ» አልኩ።

የእድራችን ዳኛ ባለቤቴ ነበር። በእኛ ዘንድ ዳኛው ያደረገውን ሌላው ይከተላል። ማንበብ አይችልም። «እሷ ካነበበችው ምን ቀረኝ?» ብሎ እየሳቀ እጅጌውን ሰበሰበ። ሌሎቹም ከእሱ ኋላ ተሰልፈው በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። አጥኚዎቹ የወረቀቱን ቅጂ ለእሱ ሰጡት።

በጥቅምት ወባ ጣለው። በአምስተኛው ቀን ሞተ፤ አላህ ይርሐመው።

የዒዳዬን አራት ወር ከአስር ቀን፣ ባሏ የሞተባት ሴት ከቤት የማትወጣበትን ጊዜ ስቆጥር፣ ወሬው ደጄ ድረስ ይመጣ ነበር። ደሙን መጥጠው አቅሙን ጨረሱት ይላሉ። ጎረቤቴ ነገር አትደብቅም።

«ባሏን ለፈረንጅ ሸጠችው እያሉሽ ነው» አለችኝ።

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ሲያንኮራፋ ሰፈር የሚቀሰቅስ ሰውዬ ማን ይገዛል አልኳቸው!»

ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። ሳቁም ወደ ልቅሶ ዞረ። ጎረቤቴ እስክረጋጋ ጠብቃ፣ የቀበሌያችን የጤና ሠራተኛ ቀድሞ በሌላ ጥናት የተሠራ የሕፃናት የወባ ክትባት እንዳመጣች፣ እናቶቹ ግን ልጆቻቸውን እየደበቁ እንደሆነ ነገረችኝ። እሷም የልጅ ልጇን ደብቃለች።

«ክትባቱ እኮ ደም አይወስድም» አልኳት።

«እሱን የምትይው አንቺ ነሽ» አለችና ተነሣች።

ባለቤቴን የገደለው ወባ እንጂ ደም መስጠቱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን የዘለልኩትን ደብቄ ይህን ብናገር፣ ኋላ ሲታወቅ ክትባቱንም የሚያምን አይኖርም፤ በእኔ ውሸት የሌላ ሰው ልጅ ይሞታል ብዬ ፈራሁ።

ዒዳዬ እንዳበቃ እድሩ ሲሰበሰብ የጤና ሠራተኛዋን ይዤ ሄድኩ። ወረቀቱን ከባለቤቴ ሣጥን አውጥቼ ይዤዋለሁ። ቆሜ ሦስተኛውን ገጽ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። አንድ ሽማግሌ ጣታቸውን ወደ ወረቀቱ ዘረጉ።

«ይሄ ያኔም ነበረበት?»

«ነበረበት፣ ጋሼ። ዘለልኩት።»

«እሱስ ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም። ለእሱም አልነገርኩትም።»

ሽማግሌው «አስተግፊሩላህ፣ አላህ ይማረን» ብለው መሬት መሬቱን አዩ። የሰደበኝ ሰው የለም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጎረቤቴ ከሴቶቹ መሐል ተነሣች። «የልጅ ልጄን አመጣታለሁ አልልሽም» አለችኝ። «መጀመሪያ የዚህን ክትባት ወረቀት አንብቢልኝ። ሌላም ሰው አጠገብሽ ቆሞ ያንብብ።»

የጤና ሠራተኛዋ ለአጥኚዎቹ ልትልክ፣ ደማቸው እንዲወገድላቸው የሚፈልጉትን መመዝገብ ጀመረች። ብዙዎቹ «ይወገድ»፣ ጥቂቶቹ «ይቆይ» አሉ። የባለቤቴ ስም ሲጠራ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አጥኚዎቹ የሚሠሩትን አዲሱን ክትባት ዛሬም እፈልገዋለሁ። ከእሱም ከአፈር በላይ የቀረው በዚያ ማቀዝቀዣ ያለው ትንሽ ደም ብቻ ነው።

«እሱን ማንም አልጠየቀውም» አልኳት። «ይወገድ ብለሽ ጻፊ።»